ጅራት ያበቀለ ድንጋይ

ማጅራቴ ላይ ድንጋይ ተሸክሜ፣ የሰፈሩ ሰው ከቦ እያየኝ፣ አንዲት ቃል አልልም ብዬ የቆምሁበትን ረፋድ ላጫውታችሁ ነው። ያሸከመኝ ሌላ ድንጋይ ነው ብላችሁ ትስቁ ይሆናል። ያኛው ሰማይ ላይ ነው ያለው፤ እንኳን ከቆቦ ሆኖ፣ የትም ቢሄዱ በባዶ ዓይን የሚያየው ሰው የለም። ሳላየው አወራሁለት፤ ሳላየው ተሟገትሁለት። ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

ጊዜው የሚሌኒየሙ በዓል ሰሞን ነው። ባጃጅ ለቆቦ ገና ብርቅ ነበረች። እኔ ሠላሳን አልፌአለሁ። ከስድስተኛ ክፍል አንስተው ለባል ሰጡኝ፤ ከባሌ ጋር አልሆነልንምና እናቴ ቤት ተመለስሁ። ገበያው ዳር አንዲት በረንዳ ተከራይቼ በእግር መኪና ልብስ እሰፋለሁ። ለቅድ የሚሆነኝን አሮጌ ጋዜጣ በኪሎ እገዛለሁ፤ ሳላነብ ግን መቀስ አላሳርፍበትም። ጽሑፉ ካላለቀልኝ የደንበኛዬ ቀሚስ አንድ ቀን ያድራል። ከመኪናው አጠገብ ደግሞ ራዲዮኔ አለች። የኔ ትምህርት ቤት እነዚህ ሁለቱ ናቸው።

የማታ ትምህርትም ሁለት ጊዜ ጀምሬ ሁለት ጊዜ አቋርጫለሁ። አንዴ እናቴ ታማብኝ፣ አንዴ ሥራው በዝቶብኝ። ለሁለተኛ ጊዜ ሳቋርጥ የሰፈሩ ሰው፣ «ዱሮም የሰሞን ግርግር ነው፤ አለፈላት» አለ። እኔም ማለፉን አምኜ ተቀምጬ ነበር።

የሰማሁትን ነገር ደግሞ ሆዴ አይችለውም። በረንዳዬ ላይ ለመለካት የመጣች ሴት ወሬ ሳትሰማ አትሄድም። ጓደኛዬ ለተ ከጎኔ ባለችው ሱቅ ዘይትና ስኳር ትሸጣለች፤ ወላጆቿ ከማይጨው በኩል የመጡ ናቸው። እሷ፣ «አንቺ ልብስ የምትሰፊው ለወሬሽ ሰበብ እንዲሆንሽ ነው» ትለኝ ነበር። አልዋሸችም።

አንድ የገበያ ቀን ጠዋት ራዲዮው ስለ ሳይንስ የሚያወራውን ዝግጅቱን ጀመረ። ማርስና ጁፒተር በሚባሉት ፕላኔቶች መካከል ቁጥር ስፍር የሌለው ድንጋይ ፀሐይን ይዞራል አለ። ጅራታም ኮከቦች ግን ከዚያ በጣም ርቆ ካለው ቀዝቃዛ ስፍራ ነው የሚመጡት ተብሎ ነበር የሚታወቀው። ታዲያ ከነዚያ ድንጋዮች አንዱ፣ ደረቅ ነው የተባለው፣ ጅራት አበቀለ። ተመራማሪዎቹ ተከራከሩ። ገሚሱ ሌላ ድንጋይ ገጭቶት አቧራው ቦንኖ ነው አለ። ገሚሱ የለም፣ ከቆዳው ሥር በረዶ ደብቋል፤ ወደ ፀሐይ ቀረብ ሲል በረዶው ይተንናል፣ አቧራውንም ይዞት ይወጣል አለ። እነሱ ሲከራከሩ ጅራቱ ጠፋ፤ ድንጋዩ ተመልሶ ድንጋይ ሆነ። ከዓመታት በኋላ ዙሩን ጨርሶ እዚያው አካባቢ ሲደርስ እንደገና ጅራቱን ይዞ ብቅ አለ። አሁን ደግሞ፣ በሚቀጥለው ዙር፣ ይኸው እንደገና ታየ። ግጭት ቢሆን ኖሮ ጊዜና ቦታ ጠብቆ አይደጋገምም። የራሱ ነው፤ ከውስጡ ነው።

እግሬን ከመኪናው ላይ አነሳሁ። ለምን እንደሆነ እንጃ፣ ዓይኔ እንባ አቀረረ። ደረቅ ነው ያሉት ነገር፣ አለፈለት ያሉት ነገር፣ ተመልሶ መጣ።

እንዲህ ያለውን ነገር ይዤ እንዴት ዝም ልበል? በረንዳው ላይ ለነበሩት ሴቶች እጄን እያወናጨፍሁ ተረክሁላቸው። እኔ ሳወራ ደግሞ ድምፄ ከፍ ይላል። ልክ መጨረሻው ላይ ደርሼ፣ «ጠፋ ሲሉት፣ ሞተ ሲሉት፣ ጅራታሙ ተመልሶ መጣ!» ስል አንዲት የዋጃ ደንበኛዬ ቀሚሷን ልትወስድ ደረሰች። የሰማችው ያችን ብቻ ነው። ፊቷ ተለዋወጠ፤ ቀሚሷን ቀምታኝ ወደ ሚኒባሱ ሮጠች።

የኛን አገር ሰው የደረሰበትን ሳልነግራችሁ ይህ አይገባችሁም። ከዚያ አሥር ዓመት ያህል ቀደም ብሎ አንድ ትልቅ ጅራታም ኮከብ ታይቶ ነበር። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ በላስታ ተራሮች በኩል ነጭ ጅራቱን ዘርግቶ ለሳምንታት ቆየ፤ ሁላችንም ደጅ ወጥተን አይተነዋል። በዓመቱ ጦርነት ተነሳ። ከቆቦም፣ ከዋጃም፣ ከጎብዬም ልጆች ሄዱ፤ ብዙዎቹ አልተመለሱም። ያን ጊዜ ሰው ሁሉ፣ «ኮከቡ ነግሮን ነበር» አለ። «ልጄን ኮከቡ ወሰደው» ያለች እናት ጥቂት አይደለችም። እንግዲህ «ጅራታሙ ተመልሶ መጣ» የሚል ቃል በዚያ ገበያ ላይ ሲወድቅ አስቡት።

ወሬው ከሰዓት በፊት ዋጃ ገባ። ከሰዓት በኋላ ተመልሶ ቆቦ ሲደርስ ኮከቡ ዞብል ተራራ ላይ ሊወድቅ ነው ሆኗል። ከጎብዬ የመጣ ሾፌር ደግሞ ወድቋል ሲሉ ሰምቻለሁ አለ። አንዱ ነጋዴ ማሽላውን ጭኖ ሳይሸጥ ወደ ቤቱ ተመለሰ። እኔ በረንዳዬ ላይ ላገኘሁት ሁሉ አይደለም፣ እንዲህ ነው እላለሁ፤ የሚሰማኝ የለም። ድንጋጤ ፈጣን ነው፤ ማብራሪያ እስኪደርስ አይጠብቅም።

ከዚያ ለተ እያለከለከች መጣች። «ሓፍተይ፣ እህቴ፣ እማማ ጥሩ ወድቀዋል» አለችኝ።

እማማ ጥሩ በርበሬ ተራ የሚቀመጡ ሴት ናቸው። የበኩር ልጃቸው ከዚያ ጦርነት አልተመለሰም። ጥቁር ሻሻቸውን ከዚያ ወዲህ አውልቀው አያውቁም። ወሬውን ሲሰሙ ብድግ ብለው ሰማዩን አዩ፤ ከዚያ በርበሬያቸው ላይ ተዘረሩ። ወደ ጤና ጣቢያ በቃሬዛ ወሰዷቸው። ልጠይቃቸው ብሄድ ዘመዶቻቸው ከበር መለሱኝ። «የገደልሻትን ልታዪ መጣሽ?» አለችኝ አንዷ። አልሞቱም፤ ማታውኑ ወደ ቤታቸው ተመለሱ። ቃሉ ግን እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ።

በማግስቱ አያ ምስጋናው በረንዳዬ ድረስ መጡ። የቅሬያችን ዳኛ ናቸው። ቅሬ ማለት እኛ ዘንድ ሰው ሲሞት የሚቀብር፣ ድንኳን የሚጥል፣ ሐዘንተኛ የሚያስተዛዝን ማኅበር ነው፤ ከቅሬ የወጣ ሰው በቁሙ የሞተ ነው። አያ ምስጋናው አልተቆጡም። ልብስ ሊለኩ እንደመጡ ሁሉ ተቀመጡና ነገሩን በቀስታ ነገሩኝ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቅሬው ይሰበሰባል። እኔም ድንጋይ ተሸክሜ እማማ ጥሩ እግር ላይ እወድቃለሁ፤ በሰው ፊት ዋሽቻለሁ እላለሁ፤ ነገሩ ያልቃል። እምቢ ካልሁ የኔም የእናቴም ስም ከቅሬው ይሰረዛል።

«ስላስደነገጥኋቸው እወድቃለሁ» አልኋቸው። «ዋሽቻለሁ ግን አልልም፤ አልዋሸሁማ።»

«ኮከቡን አይተሽዋል?»

«በዓይን አይታይም።»

«ያላየሽውን ነው እንግዲህ የምታወሪ» አሉና ዱላቸውን ይዘው ተነሱ። በእሳቸው ቤት ክርክሩ አለቀ።

እናቴ ከዚያ በፊት እንዲያ ለምናኝ አታውቅም። ጉልበቷ ስለማይይዛት አብዛኛውን ጊዜ አልጋ ላይ ናት። ቅዳሜ ቀኑን ሙሉ ስትለምነኝ ዋለች። ስለ ድንጋዩም ስለ በረዶውም ክርክር የላትም፤ አንዲት ቃል ናት፣ በያትና እንረፍ ነው የምትለው። በመጨረሻ፣ «ታዲያ እኔን ማን ይቀብረኛል?» አለች። «ራዲዮው ነው የሚቀብረኝ?»

ይህን ስትለኝ ሳቄ መጣ፤ እሷም ሳቀች፤ ከዚያ ሁለታችንም አለቀስን። የእናቴን አስከሬን የሚሸከም ሰው አጥቼ በር በር ስለምን ታየኝ። ልለው ነው፣ ልለው ነው እያልሁ አሳብ ስቀያይር ዋልሁ። ግን ዋሽቻለሁ ብል ከዚያ በኋላ ምን አወራለሁ? ያነበብሁት ሁሉ፣ የሰማሁት ሁሉ፣ ለዓመታት በገዛ እጄ የለቀምሁት ሁሉ በአንዲት ቃል ውሸት ይሆናል። ሰው ትምህርት ነስቶኝ ነበር፤ ለራሴ ያስተማርሁትን ደግሞ በገዛ አፌ ልጣለው? ይህን ለእናቴ ማስረዳት አልቻልሁም።

እሑድ ደረሰ። ለተ ድንጋይ መርጣ ይዛልኝ መጣች፤ አብሽሪ፣ ቀለል ያለውን ነው ያገኘሁልሽ አለችኝ። የተሰበሰብነው ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ፣ ግራሩ ሥር ነው። አያ ምስጋናው ድንጋዩን ተቀብለው መዘኑት፤ ለተን ከላይ እስከ ታች አዩአት። «ይቺ የወንጭፍ ነች፤ ወፍ ጠብቂባት» ብለው መለሱላት። ሰው ሳቀ። በምትኩ ከአጥሩ ግንብ የወደቀ አንድ ጥቁር ድንጋይ አስመጡ። እሱ ወንጭፍ አይገባም።

እኛ ዘንድ በዳይ ድንጋዩን በማጅራቱ ተሸክሞ፣ አጎንብሶ ነው የሚቀርበው። ድንጋዩን ማውረድ የሚችል አንድ ሰው ብቻ ነው፤ የተበደለው። ሽማግሌ አያወርደውም፣ ቄስ አያወርደውም፣ ተሸካሚውም ራሱ አይጥለውም። ጥሎ የሄደ እርቁን ረግጦ ሄደ ማለት ነው። ይህን እያወቅሁ ድንጋዩን ጫንሁት። እማማ ጥሩ በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል፤ ከጥቁሩ ሻሽ ሥር ፊታቸው ከስቷል። ፊታቸው ሄጄ አጎነበስሁ።

«ስላስደነገጥኋዎ፣ ስላስወደቅኋዎ ይቅር ይበሉኝ» አልሁ። «ሐዘንዎን እያወቅሁ ድምፄን ከፍ ማድረግ አልነበረብኝም።»

«ጨርሺዋ» አሉ አያ ምስጋናው።

«ጨርሻለሁ።»

«ዋሽቻለሁ በይ።»

«አልዋሸሁም።»

ከኋላዬ ጉምጉምታ ተነሳ። አንዷ አስማት አለባት አለች። አንዱ ፊደል ባትቆጥር ኖሮ ይሄ ሁሉ አይመጣም ነበር አለ። አያ ምስጋናው እጃቸውን አንስተው ዝም አሰኟቸውና ያው እንግዲህ እንጠብቃታለን፣ ሲከብዳት ትናገራለች አሉ። በእሳቸውም አልፈርድም፤ ሰው ከሰው ሳይጣላ እንዲያድር ነው የደከሙት። ተቀመጡ። ሁሉም ተቀመጠ። እኔ ብቻ እንዳጎነበስሁ ቀረሁ።

የቆቦን ፀሐይ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። የግራሩ ጥላ መጀመሪያ ትከሻዬ ላይ ነበር፤ ቀስ እያለ ሸሸኝ። ድንጋዩ ጋለ። ላቤ በአፍንጫዬ እየወረደ መሬቱ ላይ ይንጠባጠባል፤ ጠብ ያለበት አቧራ ወዲያው ይደርቃል። የማየው የእማማ ጥሩን ጫማ ብቻ ነው፤ ተረከዙ በሽቦ የተሰፋ የላስቲክ ጫማ። ለተ ከሩቅ ስታለቅስ ይሰማኛል። እናቴ አልጋዋ ላይ ሆና የምትጠብቀውን ዜና አሰብሁ። በይው፣ በይውና ይውረድልሽ አልሁ ለራሴ። አፌንም ከፈትሁ። የወጣው ግን ትንፋሽ ብቻ ነው።

ያን ጊዜ ያ ጫማ ተንቀሳቀሰ።

«ዝናሽ» አሉኝ እማማ ጥሩ። ድምፃቸው ቀጭን ነበር። «ያ የመጣው፣ የኔው ነው?»

ወዲያው አልገባኝም።

«ልጄን የወሰደው ነው ወይ የተመለሰ?»

«አይደለም፣ እማማ» አልሁ። «ያ ሌላ ነው። እሱ ሄዷል። እኛም፣ የልጅ ልጆቻችንም አናየውም፤ ዙሩ እጅግ ረጅም ነው።»

«ይሄስ?»

«ይሄ ድንጋይ ነው። ትንሽ ነው፣ ሩቅ ነው። ሆርማት ወንዝ በበጋ ሲደርቅ አሸዋው ላይ አንዲት ጠብታ አይታይም አይደል? አሸዋውን ጭረን ኤላ ስንቆፍር ግን ውኃ አለው። ይሄም እንዲያ ነው። ላዩ ደርቋል፤ ውስጡ በረዶ አለው። ወደ ፀሐይ ሲቀርብ በረዶው እንደ እንፋሎት ይወጣል፣ አቧራውን ይዞት። እሱ ነው ጅራቱ። ሲርቅ ይጠፋል፤ ሲቀርብ ይመለሳል።»

አያ ምስጋናው ሊያቋርጡኝ ሲሉ እማማ ጥሩ፣ «ተዋት» አሏቸው። አንቱ እንኳ አላሏቸውም።

«ከመቼ ጀምሮ ነው እንዲያ የሚያደርግ?»

«ይህን ያህል ብሎ የሚያውቅ የለም። እኛ ሳናየው ሲመላለስ ነበር።»

«ልጄ ሳይወለድም?»

«ሳይወለድም።»

«ጦርነት በሌለበት ዓመትም?»

«ሰላም በሆነበት ዓመትም፣ ጥጋብ በሆነበት ዓመትም ይመጣል። የሚመጣው ለፀሐይ ነው፣ እማማ። እኛ መኖራችንንም አያውቅ። ያ የበፊቱም አያውቅም ነበር።»

ከዚያ የላስቲኩ ጫማ መሬቱን ረገጠ፤ እማማ ጥሩ ተነሱ።

«እንግዲያ ልጄን የወሰደው ኮከብ አይደለማ» አሉ። ለኔ አልነበረም የሚያወሩት፤ ለተሰበሰበው ሁሉ ነው። «ኮከብ ነው አላችሁኝ። ተዝካሩ ላይ ነው ያላችሁኝ። እኔም አመንሁ። ኮከብ አይጠየቅም፤ ደጁ አይሄዱበት፣ እንዴት ሞተ አይሉት። አሥር ዓመት ሙሉ ማንንም ሳልጠይቅ ዝም ብዬ ኖርሁ።»

እጃቸው ማጅራቴ ላይ ሲያርፍ ተሰማኝ። ድንጋዩ ለሁለታችንም ከባድ ነበርና እያቃሰቱ ጎተቱት፤ ለተ ልታግዛቸው ሮጠች፣ በክርናቸው ገፏት። ብቻቸውን አነሱት። አጠገባቸው ጣል ሲያደርጉት አቧራው ቡን አለ። እኔ ቀና ለማለት ወገቤ እምቢ አለኝ፤ በሁለት እጄ ጉልበቴን ይዤ እንደ አሮጊት ነው የተነሳሁት።

«ቃሉ እኮ አልተባለም» አሉ አያ ምስጋናው።

«ድንጋዩ የማነው?» አሉ እማማ ጥሩ። «የኔ ነው። እኔ አወረድሁት።»

ልማዱ ልማድ ነው። የተበደለው ካወረደው አለቀ። አያ ምስጋናው በዱላቸው መሬቱን ሁለት ሦስት ጊዜ መታ መታ አድርገው ተነሱ። ስማችን ከቅሬው አልወጣም።

ቤት ስደርስ እናቴ መጀመሪያ ያየችው አንገቴን ነው። ተላልጧል። ቅባት እየቀባችኝ፣ «አልሽው?» አለችኝ። አላልሁም አልኋት። መቀባቷን ቀጠለች። «አባትሽም እንዲህ ነበር» አለች፤ ትውቀሰው ታሞግሰው እስከ ዛሬ አልለየሁትም።

ከዚያ ቀን በኋላ የሆነውን ልንገራችሁ። እማማ ጥሩ ሰው መጠየቅ ጀመሩ። ከልጃቸው ጋር የዘመቱትን በስም እያፈላለጉ፣ ከዋጃ አላማጣ እየተመላለሱ ደጅ ጠኑ። መጨረሻ ላይ አንድ አብሮት የነበረ ሰው አላማጣ ላይ አገኙ። የት እንደወደቀ፣ ከመውደቁ በፊት ምን ሲያወራ እንደነበር፣ ማን ዓይኑን እንደከደነው ነገራቸው። ሲመለሱ ቀጥታ በረንዳዬ መጥተው ተቀመጡ፤ ቀኑን ሙሉ ስለ ልጃቸው አወሩልኝ። በጥቁሩ ሻሻቸው ፋንታ ነጭ ሰፋሁላቸው። ሐዘኑ አልቀረላቸውም፤ ግን አሁን የሰው ሐዘን ሆነ።

እኔም በዚያው ዓመት ለሦስተኛ ጊዜ የማታ ትምህርት ተመዘገብሁ። የሚመዘግበው ሰውዬ አውቆኝ፣ «ደግሞ መጣሽ?» አለኝ። «አዎ» አልሁት፣ «ደግሞ መጣሁ።» ልጆቼ ሊሆኑ ከሚችሉት ጋር ተቀምጬ አሥረኛን ጨረስሁ። የሰሞን ግርግር ነው ያሉኝ ሰዎች አንድ ነገር ተሳስተው ነበር። አንድ ነገር መጥፋቱን አይተው አለቀ አሉ፤ ተመልሶ የሚመጣበትን ቀን ግን አልጠበቁም።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ በተለይ እናንተ ሴቶች፣ አንድ ቀን ለሰላም ሲባል የምታውቁትን አላውቅም በሉ የሚላችሁ ደግ ሰው ይመጣል። ክፉ ቢሆን ቀላል ነበር፤ ደግ ሰው ነው የሚመጣው። ለበደላችሁት አጎንብሱ፤ እኔም አጎንብሻለሁ፣ አንገቴም ተልጧል። ያልበደላችሁትን ግን በአፋችሁ አታውጡ። አጠገባችሁ ያለች አንዲት ሰው መልሱን ስትጠብቅ ኖራ ይሆናል፤ እናንተም አታውቁም፣ እሷም አታውቅም።

ከአምስት ስድስት ዓመት በኋላ፣ በሌላ የገበያ ቀን፣ ራዲዮዬ ያ ድንጋይ ዙሩን ጨርሶ እንደገና ጅራት ማብቀሉን አወራ። መኪናዬን አቆምሁ። ድምፄን ዝቅ አላደረግሁም፤ በረንዳው ጫፍ ላይ ወጥቼ ገበያው እንዲሰማ፣ «ጅራታሙ ተመልሶ መጣ!» አልሁ። የሮጠ ሰው የለም። እማማ ጥሩ ከበርበሬ ተራ ቀና ብለው፣ «ቀኑ ደርሶ ነዋ» አሉና ወደ ሚዛናቸው ተመለሱ።

አያ ምስጋናው በዚያ ሲያልፉ ነበር። አርጅተዋል። ዱላቸውን በረንዳዬ ላይ አስደግፈው ቆሙ።

«ያቺን ቃል ሳትያት ቀረሽ» አሉኝ።

«አልልምም፣ አያ» አልኋቸውና በርጩማ አቀረብሁላቸው።